ከባሕር ዳር ዘጌ በሞተር ጀልባ፦ አገልግሎቱ ሲመዘን

ከባሕር ዳር ዘጌ የሚያደርሰው የሞተር ጀልባ ለገንዘቡ የሚበቃ አገልግሎት ነው፤ በጠዋት ከሆነ። ማለዳ ላይ ጣና የረጋ ነው። ፀሐይ ስትበረታ የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቅና ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ዳር ይነሳል። ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ስለሆነ የጣና ሞገድ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነስቶ 6 ሰዓት ሳይሞላ መመለስ ይሻላል።

ጀልባዎቹ ጥላ አላቸው፣ መቀመጫቸውም አይከፋም። ድክመቱ ላይፍ ጃኬቱ ላይ ነው። ከመቀመጫ ሥር ይጠቀጠቃል፣ አንዳንዴም ይቀመጡበታል፤ ውስጡ ያለው ስፖንጅ ሲታመቅ አየሩን ያጣል፣ የማንሳፈፍ አቅሙም አብሮ ይሄዳል። ሲጫኑት ተመልሶ የማይነሳ፣ ስፌቱ የተተረተረ ወይም ጨርቁ በፀሐይ የነጣ ከሆነ ያስቀይሩ። ለብሰው ዘለበቶቹን ሁሉ ይቆልፉ፣ ማሰሪያውን ያጥብቁ፣ እጅዎን ወደ ላይ ያንሱና ሌላ ሰው በትከሻው በኩል ወደ ላይ ይጎትተው። አገጭዎን አልፎ ወደ ጆሮዎ ከወጣ ሰፍቶዎታል፤ ውሃ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል። የልጅ ጃኬት በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያስፈልገዋል። የልጅ ልክ በሌለው ጀልባ ልጅ ይዞ መሳፈርን ፈጽሞ አንመክርም።

ጎበዝ ካፒቴን የሚለየው ሞገድ ሲነሳ ነው። ፍጥነት ይቀንሳል፣ ሞገዱን በጀልባው አፍንጫ በኩል ትንሽ ሰያፍ አድርጎ ይቀበለዋል፣ የጀልባውን ጎን አይሰጠውም። ሞገዱ ከኋላ ሲመጣ ደግሞ ሞተሩን ድንገት አያቀዘቅዝም፤ ሞተሩ የታሰረበት ጫፍ ዝቅ ያለ በመሆኑ ውሃ ይገባል። ጉማሬ ታየ ሲባል ተሳፋሪው ሁሉ ወደ አንድ ጎን እንዳይነሳ የሚቆጣ ካፒቴን ካጋጠመዎ ይመርቁት።

ብዙዎቹ ሲመለሱ ወደ ዓባይ መውጫ ጎራ ይላሉ። እዚያ ውሃው ይስባል፣ በተለይ ክረምቱ ሲያበቃ። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት መቅዘፊያና ገመድ ያለው መልሕቅ መኖሩን በዓይንዎ ይዩ፤ ሞተር ቢጠፋ ጀልባውን የሚያቆመው እሱ ነው። ሰው ቢወድቅ፣ ውቅያኖስ ዳር ወደ ጥልቁ ለሚስብ ውሃ የሚነገረው ምክር እዚህም ይሠራል፦ ፍሰቱን ተጋፍቶ መዋኘት ጉልበት ይጨርሳል። በጀርባ ተንሳፍፎ፣ እግርን ወደሚፈስበት አስቀድሞ፣ በሰያፍ ወደ ዳር መጠጋት ነው።

ዋጋው የሚቆረጠው ለጀልባው ስለሆነ ተሰባስቦ መከራየት ያዋጣል፤ ከጃኬቱ ቁጥር በላይ ግን አይሳፈሩ። ሲዋዋሉ የመመለሻውን ሰዓትም አብረው ይቁረጡ።