ዳሃብ ላይ ባሕሩንና የሙሴን ተራራ በአንድ ቀን የሚሸጥላችሁን ጥቅል አትግዙ

ወደ ግብፅ ዳሃብ ለዳይቪንግ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ በተለይ ከዱባይና ከአዲስ አበባ የምትነሱ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት እባካችሁ ይህን አንብቡ። እኔና ታናሽ ወንድሜ የገዛነው ጥቅል «ሁለት ቀን ዳይቪንግ፣ ብሉ ሆል፣ የሙሴ ተራራ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ማየት፣ መሣሪያ የተካተተ» የሚል ነበር። ብሉ ሆል የሚባለው ባሕሩ ዳር ያለ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነው። እናታችን ቅድስት ካትሪን ገዳም ደርሳችሁ ሻማ አብሩልኝ ብላን ስለነበር ሁለቱን በአንድ ጉዞ ማግኘታችን ትልቅ ዕድል መሰለን። ግማሹን ሒሳብ አስቀድመን ከፈልን። የየቀኑን ፕሮግራም ያየነው ግን እዚያ ከደረስን በኋላ ነው።

ፕሮግራሙ በሁለተኛው ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከመጨረሻው ዳይቭ ያወጣንና ከምሽቱ 5 ሰዓት ተራራው ወደሚወስደው መኪና ያስገባናል። ይህ ሰው የሚጎዳ ነገር ነው። ውሃ ውስጥ በግፊት ስንተነፍስ ናይትሮጅን ሰውነታችን ውስጥ ይሟሟል፤ ከወጣን በኋላም ቶሎ አይለቀንም። ሳይለቀን ከፍታ ላይ ከወጣን ልክ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው አረፋ ይሠራል፤ ከመገጣጠሚያ ሕመም እስከ ሽባነት ያደርሳል። ገዳሙ ያለው 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የተራራው ጫፍ ደግሞ 2,285 ሜትር ነው። የዳይቨሮች ደኅንነት ላይ የሚሠራው ድርጅት ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ ለበረራ ያወጣው ምክር ከአንድ ዳይቭ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋገመ ዳይቭ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ነው። ከ600 ሜትር በላይ ለመውጣትም ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኛን ግን አሥር ሰዓት እንኳ ሳይሞላን ገዳሙ በር ላይ ሊያደርሱን ነበር።

ሌላው ችግር ቦታው ነው። ሁለታችንም ያለን የኦፕን ዎተር፣ ማለትም የጀማሪ ዳይቨር፣ ፈቃድ እስከ 18 ሜትር ብቻ ነው፤ ይህንንም ስንመዘገብ ጽፈን ልከናል። የተመደበልን ግን ብሉ ሆል፣ ቤልስ በሚባለው መግቢያ በኩል ነበር። እዚያ የሚገባው በጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ ቁልቁል ወርዶ ነው፤ መውጫው 26 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በአንድ ጎን ግድግዳ፣ ከእግር በታች ደግሞ መጨረሻው የማይታይ ጥልቅ ባሕር አለ። ብሉ ሆል ራሱ 100 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በ55 ሜትር አካባቢ ያለው ቅስት ውሃው ጥርት ያለ ስለሆነ ቅርብ ይመስላል፤ ስንቱን አታሎ አስቀርቷል። ዳር ላይ ባለው ገደል የሟቾች ስም የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች ተለጥፈዋል። ወንድሜ እያንዳንዱን ቆሞ ሲያነብ አይቼ ሆዴ ባባ። አስጎብኚያችን «ከእኔ ጋር እስከሆናችሁ ችግር የለም» አለን። ብዙ ኢንሹራንስ ከፈቃዳችሁ በላይ ወርዳችሁ ለደረሰ ጉዳት እንደማይከፍል ግን አልነገረንም።

መሣሪያው ሲመጣ ደግሞ ጥልቀትና ሰዓት የሚቆጥረው የዳይቭ ኮምፒውተር ለብቻው ይከፈላል ተባለ። የወንድሜን ሬጉሌተር (ከታንኩ አየር የሚተነፈስበትን መሣሪያ) ይዤ እያየሁ ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲስብ አደረግሁት። በሳበ ቁጥር የግፊቱ መለኪያ መርፌ ወደ ታች እየወረደ ይመለስ ነበር። የታንኩ ቫልቭ በደንብ አልተከፈተም ማለት ነው። እላይ ሆኖ አየሩ የሚበቃ ይመስላል፤ ወደ ታች ሲወረድ ግን ያጥራል። ይህን ፍተሻ ማንም ሰው በግማሽ ደቂቃ ይሠራዋል፤ ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይህን አትርሱ።

አንገባም አልን። ቀብዱ አይመለስም ተባልን፤ እንዳሉትም አልተመለሰም።

በማግስቱ ለሌላ የዳይቪንግ ቤት በቀን ሒሳብ ከፍለን ላይትሃውስ የሚባል የዳይቪንግ ቦታ ገባን። ከተማው ውስጥ ማስበት የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ላይ ነው። አሸዋው እየተንሸራተተ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ በፈለጋችሁት ጥልቀት ቆማችሁ መመለስ ትችላላችሁ፤ ከሰሜን የሚመጣው ነፋስም ያን ያህል አይደርስበትም። ከዳር የሚገባ ቦታ ስትመርጡ ከመግቢያው ይልቅ መውጫውን ጠይቁ። ዳሃብ ነፋሷ ብርቱ ነው፤ ጠዋት እንደ መስታወት የነበረው ውሃ ከሰዓት በኋላ ማዕበል ይሆናል። ከባድ ታንክ ተሸክሞ፣ ፊን (የእግር መቅዘፊያ) በእጅ ይዞ፣ ማዕበል እየገፋው ኮራል ላይ መቆም ለጀማሪ ከባድ ነው። እኔ አንዴ ኤምሬትስ ውስጥ ፉጃይራ ላይ ጉልበቴን ተልትዬበታለሁ።

ገዳሙን መሳለም ለምትፈልጉ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ ተራራውን ውጡ፣ አንድ ሌሊት በደንብ ተኙ፣ ከዚያ ባሕሩ ይቀጥላል። የየቀኑን ሰዓትና የእያንዳንዱን ዳይቭ ከፍተኛ ጥልቀት በጽሑፍ ካልላኩላችሁ ገንዘብ አትላኩ።

ወደ አዲስ አበባ የምትመለሱ ደግሞ የመጨረሻዋን ቀን ሙሉ ከውሃ ውጪ አሳልፉ። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት የሚስተካከለው ቢበዛ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው። ሌላው መንገደኛ አገሩ ሲያርፍ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይመለሳል። እኛ ግን ቦሌ ስንወርድም 2,300 ሜትር ላይ ነን፤ እዚያው እንተኛለን፣ እዚያው እንነሣለን። ወንድሜን 24 ሰዓት ሙሉ አስቀምጬ ነው የሸኘሁት።