ለአባባ ዊልቸር ላስጨረሰችልን ኦቲ ምስጋና፣ ኦንታሪዮ ላላችሁም ጥቆማ

ሰላም ሰላም የቶሮንቶ ሀበሾች፣ ስካርቦሮም ብራምፕተንም ያላችሁ። ይሄን ነገር ልጽፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ፣ ስራና ልጆች አላስቀምጥ ብለውኝ ነው እንጂ። ረዘም ይላል፣ ግን ቤታችሁ ውስጥ መራመድ የከበደው ሰው ካለ፣ ወይ ወላጆቻችሁን ስፖንሰር አድርጋችሁ ካመጣችሁ፣ ታገሱኝና አንብቡት።

አባባ ስትሮክ መቷቸው ግራ ጎናቸው ተያዘ። ሆስፒታል ተኙ፣ ሪሃብ (የማገገሚያ ህክምና) ገቡ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ንግግራቸው ተመለሰ፣ ቀኝ ጎናቸውም ደህና ነው፣ ግራ እጃቸው ግን እስካሁን ብዙ አይታዘዝም እግራቸውም ይጎተታል። ሲያስወጧቸው ዎከር፣ ያ ተደግፈው የሚራመዱበት ብረት፣ ግዙ ተባልን ገዛን። ዎከር ደሞ ሁለት እጅ ይፈልጋል! በአንድ እጅ እንዴት እንደሚገፋ የነገረን ሰው የለም፣ በቃ ጨርሳችኋል ተባልን ይዘናቸው ወጣን።

ማመስገን የምፈልገው ከዛ በኋላ ቤታችን የመጣችውን ኦቲ ነው፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ማለቴ ነው፣ የታመመ ሰው የቀን ተቀን ኑሮውን ራሱ እንዲችል የምትረዳ ባለሙያ። የመጣችው በኦንታሪዮ ሄልዝ አትሆም በኩል ነው፣ በመንግስቱ ሆም ኬር ማለት ነው፣ አንድ ሳንቲም አልከፈልንም። ሀበሻ አይደለችም፣ ጃማይካዊት ናት፣ እድሜዋም ገፋ ያለ ነው፣ አባባን ገና በር ላይ ስታያቸው እንዴት ብዬ ልጥራቸው ብላ ጠይቃኝ ከዛ ቀን ጀምሮ "አባባ" ነው የምትላቸው። ስሟን እዚ አልጽፍም፣ ሳስፈቅዳት ፌስቡክ ላይ ባይወጣ ይሻላል ስላለችኝ ነው፣ ኢንቦክስ ካደረጋችሁኝ ግን እሰጣችኋለሁ።

መጀመሪያ የመጣች ቀን ወንበር ስባ አባባ ፊት ተቀመጠችና መጠየቅ ጀመረች፣ እኔ መሀል ሆኜ አስተረጉማለሁ። ሽንት ቤት ለብቻዎ ይሄዳሉ? አዎ። ወድቀው ያውቃሉ? ኧረ በፍጹም። ከአልጋ ሲነሱ ሰው ያግዝዎታል? ምን በወጣኝ፣ ተመስገን ደህና ነኝ። እኔ ውስጤ እየተቃጠለ ያሉትን አስተላልፋለሁ። ታውቁታላችሁ መቼም የኛን አባቶች፣ ሞት አፋፍ ላይ ሆነውም እንግዳ ከጠየቃቸው ደህና ናቸው። ችግሩ እዚ አገር የሚጻፈው የተናገራችሁት ነው፣ ደህና ነኝ ካሉ ደህና ናቸው ተብሎ ፎርሙ ላይ ይሰፍራል፣ ደህና ለሆነ ሰው ደሞ መንግስት ዊልቸር አይገዛም። ስንቱ ሰው በዚ ምክንያት ብቻ ሳያገኝ እንደቀረ እግዜር ይወቀው።

እሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አንቺ ልጃቸው ነሽ አስተርጓሚ አይደለሽም፣ ካላስቸገርኩሽ ኪችን ሁኚልኝ አለችኝና ስልኳን አውጥታ የአማርኛ አስተርጓሚ ደወለች፣ ስፒከር ላይ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ስልኩ ውስጥ ያለው ትልቅ ሰው ነው በድምጹ፣ "ጋሼ እንደምን አደሩ" ብሎ ጀመረ። አባባም ቀስ በቀስ መናገር ጀመሩ፣ እኔ ኪችን ቆሜ እየሰማሁ ነው። ለሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ ግድግዳ ተደግፈው ነው፣ ኮሪደሩ ላይ ወድቀው ማንንም ላለመቀስቀስ እየዳሁ ተነስተው ያውቃሉ፣ ከራት በኋላ ደሞ ውሃ አይቀምሱም፣ ለምን ቢባል ለሊት መነሳትን ፈርተው። እኔ እኮ እዛው ቤት ነው የምተኛው። ልጃቸው ነኝ፣ ያውም ሴት ልጅ፣ እንዴት ብለው ይንገሩኝ? ይሄን የገባት እሷ ናት እንጂ እኛ አስር አመት ብንጠይቃቸው አይወጣም ነበር።

ከዛ ተነሱና ያሳዩኝ አለቻቸው፣ ከኋላቸው እየተከተለች እስከ ሻወር ቤት ሄደች፣ ስንት ቦታ ቆመው እንዳረፉ፣ የቱጋ በሩን እንደያዙ፣ ሁሉንም ጻፈች።

አሁን ስለ ፕሮግራሙ ልንገራችሁ ምክንያቱም ብዙ ሰው አያውቀውም። ኤዲፒ ነው ሚባለው፣ አሲስቲቭ ዲቫይስስ ፕሮግራም፣ የኦንታሪዮ ጤና ሚኒስቴር ነው ሚያስተዳድረው። ኦሂፕ ካርድ (የኦንታሪዮ መንግስት የጤና ኢንሹራንስ) ያለው የኦንታሪዮ ነዋሪ ሆኖ መሳሪያውን ለ6 ወር ወይ ከዛ በላይ የሚፈልግ ከሆነ፣ ለተፈቀደው መሳሪያ ከዋጋው 75 ፐርሰንቱን መንግስት ይከፍላል 25ቱን እናንተ። ኦዲኤስፒ (የአካል ጉዳተኞች ድጎማ) ወይ ኦንታሪዮ ወርክስ (ዌልፌር) ላይ ላለ ሰው ደሞ ሙሉውን ነው። ገቢያችሁ ስንት ነው ብሎ ሚጠይቅ የለም፣ ስራ ስላለኝ አይሰጡኝም እያላችሁ የምትተዉ ሰዎች ስሙ! የመንግስትን ድርሻ ለሱቁ ቀጥታ ራሳቸው ነው የሚከፍሉት፣ እናንተ ድርሻችሁን ብቻ። ያቺን 25 ፐርሰንትም የስራ ቦታ ኢንሹራንስ ያለው ሰው አንዳንዴ በሱ ማስሸፈን ይችላል፣ ቀሪውን ታክስ ላይ በሜዲካል ወጪ ለማስገባት ደረሰኙን አትጣሉ።

ስፖንሰር ያደረጋችሁ ሰዎች ወላጆቻችንን እኛ እንጦራለን ብላችሁ የፈረማችሁትን የ20 አመቱን ፊርማ እያሰባችሁ እንደምትፈሩ አውቃለሁ፣ እኛም ቤት የመጀመሪያው ወሬ እሱ ነበር፣ ወንድሜ "ቆይ ይሄን ተቀብለን በኋላ ክፈሉ ቢሉንስ" እያለ። ዌልፌር ሌላ ነው ይሄ ሌላ ነው፣ ይሄ በኦሂፕ ካርድ የሚሄድ የጤና ፕሮግራም ነው። ሱፐር ቪዛ (ለወላጆች የሚሰጠው የረጅም ጊዜ የጉብኝት ቪዛ) ላይ ያሉ ወላጆች ግን ኦሂፕ ስለሌላቸው እዚ ውስጥ አይገቡም።

ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ለዊልቸር መጀመሪያ ኤዲፒ ያስመዘገበው ኦቲ ወይ ፊዚዮቴራፒስት፣ ኦተራይዘር ይሉታል፣ አይቶ ፎርሙ ላይ መፈረም አለበት፣ ከዛ እቃው ኤዲፒ ከተመዘገበ ቬንደር፣ ሻጭ ማለት ነው፣ ነው ሚገዛው። ቀድማችሁ በራሳችሁ ገዝታችሁ ደረሰኝ ይዛችሁ ብትሄዱ ብሬን ይመልሱልኛል ብላችሁ አታስቡ። እኛ ኦቲዋ ከመምጣቷ በፊት አንድ ሱቅ ገብተን ነበር፣ ስሙን ተዉት፣ ሰውየው አንድ ሰፊ ዊልቸር ጎትቶ አምጥቶ ዛሬ ውሰዱት ፋይናል ሴል ነው (አይመለስም) ይላል፣ ኤዲፒ ስለሚባል ነገር ትንፍሽ አላለም። ወንድሜ ካርዱን አውጥቷል። ያዳነን የአባባ ቁጠባ ነው፣ ዋጋውን ሲሰሙ "ለመቀመጫ? ይሄን ሁሉ ብር?" ብለው እምቢኝ አሉ፣ ተቆጥተው ቀድመውን ወደ በሩ ሄዱ፣ በዛ እግራቸው።

በኋላ ኦቲዋ ስትለካ ያ ዊልቸር ቢገዛ ኖሮ ለምን ምንም እንደማይጠቅም ገባኝ። የዳሌያቸውን ስፋት ለካች፣ ከጀርባቸው እስከ ጉልበታቸው ለካች፣ ከጉልበታቸው ስር እስከ ተረከዛቸው ደሞ ቤት ውስጥ ሁሌ የሚያደርጉትን ጫማ አስደርጋ ለካች። ዝቅ ያለ ወንበር ነው የሚያስፈልጋቸው አለች፣ ምክንያቱም በአንድ እጅ ብቻ የሚገፋ ዊልቸር ባለበት ይሽከረከራል፣ ስለዚ ቀኝ እጃቸው ጎማውን ሲገፋ ቀኝ እግራቸው መሬት ረግጦ እየሳበ አቅጣጫ ይይዛል፣ ለዚ ደሞ ተረከዛቸው በደንብ ወለሉን መንካት አለበት። ወንበሩ ትንሽ ከፍ ካለ እግራቸው እንዲደርስ ብለው ወደፊት ይንሸራተታሉ፣ ወገብም ያማል መውደቅም አለ። የግራውን ፍሬን በቀኝ እጃቸው ተሻግረው እንዲይዙት ረዘም ያለ እጀታ አስጨመረች። ግራ እጃቸው ሳያውቁት ተንሸራቶ ጎማ ውስጥ እንዳይገባ ማሳረፊያ፣ ብዙ ስለሚቀመጡ ደሞ ቁስል እንዳይወጣባቸው ኩሽን። ከዛ ሜትሯን ይዛ የሻወሩን በር፣ የኮሪደሩን መታጠፊያ፣ ሊፍቱን ለካች፣ ቤተክርስቲያን በማን መኪና ነው ሚሄዱት ብላ ወርዳ የመኪናዬን ትራንክ ሳይቀር ለካች። እኔ አገር ቤት የማውቀው ዊልቸር ሆስፒታል በር ላይ የሚቆመውን ነው፣ ማንም ይቀመጥበታል፣ ለሰው በልኩ እንደ ልብስ ይለካል ብሎ የነገረኝ የለም።

ሌላ የወደድኩላት ነገር፣ የቱ ሱቅ እንሂድ ስላት አልመርጥልሽም አለች። የቬንደሮች ሊስት ሰጥታን እንዲህ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፣ የራሳችሁ እስኪደርስ መጠበቂያ ዊልቸር የሚያውሱትን ምረጡ፣ ሲበላሽ ቤት መጥተው ሚሰሩትን ምረጡ አለችን። ያገኘነው ቬንደርም ጥሩ ሆነ፣ ፈቃዱ እስኪመጣ (ሳምንታት ይፈጃል፣ በርቱ) የውሰት ዊልቸር ሰጡን። የኛው ሲመጣ እሷም አብራ መጣች፣ አባባን አስቀምጣ ጎንበስ ብላ ተረከዛቸው ስር እጇን አስገብታ አየች፣ አልደረሰም። ቴክኒሺያኑ ደርሷል ይላል እሷ አልደረሰም ትላለች፣ እዛው ሳሎናችን ውስጥ አስፈትታ አስተካከለችው፣ ከዛ አባባ ራሳቸው ገፍተው እስከ ሻወር ቤት ደርሰው እስኪመለሱ አልሄደችም።

የማይሸፈነውንም ቀድማ ነግራናለች፣ ይሄም ትልቅ ነገር ነው ምክንያቱም ሰው ሁሉም ነጻ መስሎት ነው በኋላ ሚናደደው። የሻወር ወንበር፣ ግድግዳ ላይ ሚሰካ መያዣ ኤዲፒ አይከፍልም። ጥገናና ባትሪም አይከፍልም፣ ስለዚ ኤሌክትሪክ ዊልቸር ሚያምራችሁ ሰዎች እሱን አስቡበት። መስሚያ መሳሪያ ደሞ ይሸፈናል ይባላል፣ ግን ለአንድ ጆሮ ከ500 ዶላር አያልፍም፣ የመስሚያ ዋጋ የጠየቀ ሰው ይሄ ብር የት እንደሚያደርስ ያውቃል። ቤት ለማስተካከል፣ ራምፕ ምናምን፣ ሻወር ማስፋት፣ ማርች ኦፍ ዳይምስ በሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በኩል የሚሰጥ የኦንታሪዮ መንግስት ፈንድ አለ፣ እስከ 15,000 ዶላር ድረስ፣ እሱ ግን ገቢ ያያል ወረፋም አለው፣ አፓርትመንት ተከራይ ከሆናችሁ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ሳንጠይቃት ደሞ የዲሰቢሊቲ ታክስ ክሬዲት (ለአካል ጉዳተኛ ታክስ የሚቀንስ) ፎርሙን አምጡልኝ አለች፣ ቲ2201 ሚባለውን፣ የመራመዱን ክፍል ኦቲ መሙላት ትችላለች፣ ዶክተር ጋር ወረፋ መያዝ የለባችሁም። ወላጁ ታክስ ሚከፍልበት ገቢ ከሌለው ለሚጦረው ልጅ ይተላለፋል። ከ18 እስከ 64 አመት የሆናችሁ ደሞ ይሄ ፎርም ካልጸደቀላችሁ ከ2025 ሀምሌ (ጁላይ) ጀምሮ የሚሰጠውን የካናዳ ዲሰቢሊቲ ቤኔፊት፣ ሲጀመር በወር እስከ 200 ዶላር የነበረውን፣ ማመልከት አትችሉም።

እና እባካችሁ ፎርም እንሞላለን እያሉ ብር ሚቀበሉ ሰዎችን ተጠንቀቁ። የኤዲፒ ፎርም አይሸጥም፣ ዋናውን ክፍል ደሞ ኦተራይዘሩ እንጂ ጎረቤት አይሞላውም። እኔ ራሴ ስንት ሰው 200 ዶላር ከፍሎ ወረቀቱ ተመልሶበት አይቻለሁ፣ ያበሳጫል።

ምን ታደርጋላችሁ፣ ኦንታሪዮ ሄልዝ አትሆም ትደውላላችሁ፣ ዶክተር የግድ አይደለም ራሳችሁ መደወል ትችላላችሁ፣ ኦቲ ቤት መጥታ እንድታይልን እንፈልጋለን በሉ። ስትመደብላችሁ ኤዲፒ ኦተራይዘር ናት ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ሁሉም አይደሉም፣ ካልሆነች ሌላ ሰው መጠበቅ ሊኖር ነው። የአማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን ማለት አትርሱ፣ ለትግርኛም ለኦሮምኛም እንደዛው፣ እናንተ ኪችን ግቡ። የኛን ኦቲ በግል ሚፈልግ ካለ በግሏም ትሰራለች፣ ያኔ ግን ለምርመራው ከኪሳችሁ ነው ምትከፍሉት፣ ስለዚ መጀመሪያ የነጻውን ሞክሩ። ኢንቦክስ ስታደርጉኝ የምትኖሩበትን ከተማ ጻፉልኝ ምክንያቱም እሷ ምስራቅ ቶሮንቶና ስካርቦሮ ብቻ ነው ምትሄደው። አልበርታ ያላችሁ ደሞ የናንተው የመሳሪያ ፕሮግራም ኤኤዲኤል ነው ሚባለው፣ ድርሻችሁ እንደኛው 25 ፐርሰንት ሆኖ በአመት ለአንድ ቤተሰብ 500 ዶላር ላይ ይቆማል፣ ከኛ ይሻላል፣ ኤድመንተንና ካልጋሪ ያላችሁ የተጠቀማችሁበት ካላችሁ እስቲ እናንተም ጻፉበት።