ኦፕን ዱምስዴይ፦ የኖርማን ጌታ ጉልት በስልክ ሲታይ

በ1066 እ.ኤ.አ. ከሰሜን ፈረንሳይ ተነሥተው እንግሊዝን ስለ ያዙት የኖርማን መኳንንት የሚነገረው አብዛኛው ነገር ግንብ፣ ፈረስና ጥሩር ነው። ጌታው በማን ጉልበት፣ በስንት ሞፈርና በስንት ወፍጮ እንደሚኖር ለማየት ግን ከዱምስዴይ መዝገብ፣ ማለትም ከ11ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ የመሬትና የንብረት ቆጠራ፣ የተሻለ የለም። ኦፕን ዱምስዴይ ይህን መዝገብ በነጻ የሚያሳይ ድረ ገጽ ነው። የሠራችው አና ፓወል-ስሚዝ ናት፤ መረጃውን ያሰናዱት ደግሞ በሃል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ፓልመርና ባልደረቦቻቸው ናቸው።

ቆጠራውን የኖርማኖቹ ንጉሥ፣ ድል አድራጊው ዊልያም፣ ያዘዘው በ1085 እ.ኤ.አ. በገና ሰሞን ግሎስተር ላይ ሲሆን፣ የተካሄደው በ1086 ነው። የዘመኑ ዜና መዋዕል ጸሐፊ አንድ በሬ፣ አንዲት ላም፣ አንድ አሳማ እንኳ ሳይጻፍ አልቀረም ሲል እንደ ነውር አንሥቶታል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ «መሬታችን ሊለካ ነው» ተብሎ የተነሣውን የጎጃም ገበሬ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ምሬት እንግዳ አይሆንበትም።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። የቦታውን የዛሬ ስም በላቲን ፊደል መጻፍ፣ ወይም ካርታው ላይ መጫን ይበቃል። የሚከፈተው ገጽ የአባወራውን ብዛት፣ ሞፈሩን፣ የግጦሽ ሣሩን፣ ጫካውን፣ ወፍጮውን፣ የ1066ና የ1086 ዓመታዊ ግምቱን ይዘረዝራል። የብራናው ፎቶም አለው። አማርኛ ግን የለውም፤ ትልቁ ጉድለቱ ለእኛ ይኸው ነው።

ተማሪ በብዛት የሚሳሳተው የጌቶቹ ስም ላይ ነው። ገጹ የ1086ቱን ጌታና ከንጉሡ በቀጥታ የተቀበለውን ባለጉልት ለየብቻ ይጽፋል። ሁለቱ አንድ ሰው ከሆኑ መሬቱን ትልቁ መኮንን ለራሱ ይዞታል ማለት ነው። ከተለያዩ ግን ለበታች ሎሌው፣ ብዙ ጊዜ ለፈረሰኛው፣ አሳልፎ ሰጥቶታል። ይህን ሳይለዩ ቁጥር መደመር የመኮንኑን ገቢ በሐሰት ያገዝፋል።

ሁለተኛው ወጥመድ ሞፈር ነው። ጎጃም ውስጥ ጥማድ ሲባል ሁለት በሬ ነው፤ መዝገቡ ውስጥ ግን አንድ ሞፈር 8 በሬ ነው። «የጌታው ሞፈር» የሚለው ሁዳዱን፣ ማለትም የጌታውን የራሱን እርሻ፣ የሚያርሰው፣ «የሰዎቹ» የሚለው የገባሮቹ ነው። አባወራም ሕዝብ አይደለም፤ ግምት ለማግኘት ብዙውን ጊዜ በ4 ወይም በ5 ይባዛል። ገንዘቡ ሲሰላ 1 ፓውንድ 20 ሺሊንግ፣ ወይም 240 ፔኒ ነው፤ በዘመኑ የሚመታው ሳንቲም ፔኒው ብቻ ነበር።

ለትምህርት የምንመክረው ሰው ዊልያም ደ ዋረን ነው። በ1066 ድል አድራጊው ዊልያም የእንግሊዙን ንጉሥ ሃሮልድን ባሸነፈበት በሄስቲንግስ ጦርነት ከተዋጉት በስም ከሚታወቁት ጥቂቶች አንዱ ሲሆን የሞተው በ1088 ነው። በሳሴክስ ሉዊስ (Lewes) የተባለውን ቦታ፣ በኖርፎክ ካስል ኤከርን (Castle Acre)፣ በዮርክሸር ኮኒስብሮን (Conisbrough) ይዞ ነበር። ሦስቱን ገጾች ጎን ለጎን መክፈት መኮንኑ ለምን ከአንድ ግዛት ወደ ሌላው ሲዞር እንደሚኖር ያስረዳል። እህሉና ሣሩ ተበታትኖ ነበር፤ ሁሉን ወደ አንድ ግቢ ከማጓጓዝ ደግሞ ጌታው ከነጭፍራው ሄዶ እዚያው መብላቱ ይቀላል። ኮኒስብሮ በ1066 የሃሮልድ ነበር፤ የተሸነፈው ንጉሥ ጉልት ለአሸናፊው ሎሌ እንዴት እንደ ተላለፈ በአንድ መስመር ይነበባል።

ዮርክሸር ላይ ብዙ ቦታ «ጠፍ» ተብሎ ሲገኝ ገጹ የተበላሸ እንዳይመስል። ከ1069 መጨረሻ እስከ 1070 መጀመሪያ በነበረው የብርድ ወራት የንጉሥ ዊልያም ጦር ሰሜኑን አቃጥሎት ነበር፤ ግምቱ የወረደበት ዋና ምክንያትም ይህ ነው።

የስም ፍለጋው ደካማ ነው። ዊልያም የሚባል ሰው መዓት ስለሆነ፣ በአንድ ስም ሥር የተሰበሰበው መሬት ሁሉ የአንድ ሰው ነው ብሎ መደምደም አይገባም። ለንደን፣ ዊንቸስተር፣ ደርሃምና ኖርዘምበርላንድም አይገኙም፤ የጎደሉት ከመዝገቡ ከራሱ እንጂ ከድረ ገጹ አይደለም። ጌታው ማንን እንዳገባ፣ እንዴት እንዳደነ፣ ምን እንደለበሰ የሚፈልግ መምህር ሌላ መጽሐፍ መጨመር አለበት።

ለክፍል ከሆነ ሦስቱን የዋረን ገጾች ኢንተርኔት ባለበት ሰዓት በፒዲኤፍ ማስቀመጥ፣ ከጎናቸውም የሁዳድ፣ የገባርና የጠፍ ፍች ያለበት አንድ ገጽ አማርኛ ማባዛት ያስፈልጋል።