አቸቶ ወይስ የጨው ውሃ?

በጾም ከሽሮ ጎን የሚቀርበው ኮምጣጣ ቃሪያና ካሮት በሁለት መንገድ ይዘጋጃል። እንግዳ ድንገት ለሚመጣበት ቤት አቸቶ ያዋጣል፦ እኩል አቸቶና ውሃ ከጥቂት ጨውና ስኳር ጋር ይፈላና በተቆራረጠው አትክልት ላይ ይፈስሳል። ጠዋት የተሠራው ለራት ይደርሳል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ።

ለጣዕም ከሆነ ግን እኔ የጨው ውሃውን እመርጣለሁ፤ አቸቶ የቡሬን ቃሪያ የራሱን ጣዕም ይሸፍንበታል። በአንድ ሊትር ውሃ 30 ግራም ጨው ይሟሟል። አትክልቱ ሙሉ በሙሉ መስጠም አለበት፤ ብቅ ያለው ይሻግታል። የዕቃውን ክዳን በየቀኑ ላላ አድርጎ አትክልቱ ሲብላላ የሚፈጠረውን ጋዝ ማስወጣት ያስፈልጋል፤ ጠላ ለሚጠምቅ ቤት ይህ እንግዳ ሥራ አይደለም። የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች ሙቀት ስለሚወዱ፣ ባሕር ዳር ላይ በሳምንት ውስጥ የሚደርሰው ደብረ ማርቆስ ብርድ ላይ ይዘገያል። እየቀመሱ መጠበቅ ነው።