ደጋ ላይ የምትነዳ ቮልስ እና አዲሱ ካርቡራቶሬ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

1300 ሞዴል ለሆነችው ቮልሴ አዲስ ካርቡራቶሬ (አየርና ቤንዚን ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠውን ዕቃ) ከገዛሁ ወራት አልፈዋል፤ ያወጣሁት ገንዘብም አያስቆጨኝም። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ዕቃው ራሱ ሳይሆን በውስጡ ተጠምዞ የመጣው፣ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ የቤንዚኑን መጠን በቀዳዳው የሚወስን የናስ መመጠኛ ነው። ከደብረ ብርሃን ወጥቼ ወደ ጣርማበር ስቃረብ ሞተሩ ይታፈን፣ ጥቁር ጭስ ያወጣ፣ ድብልቁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎችም ሲፈቱ ጥቀርሻ ለብሰው ይገኙ የነበረው በዚያች ቁራጭ ናስ ምክንያት ነበር።

ሻጩ «ከፋብሪካው ተስተካክሎ የመጣ ነው፤ እንዳይነካ» ብሎ አጥብቆ አስጠንቅቆኝ ነበር። ደውዬ ችግሩን ስነግረው መጀመሪያ ቤንዚኑን፣ ቀጥሎ ከብልጭታ ማስነሻው ዕቃዎች አንዱ የሆነውን ኮንደንሰር፣ በመጨረሻም የመኪናዋን እርጅና ወቀሰ። እኔ ግን ዛሬም የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የተስተካከለው ለየትኛው ከፍታ ነው? ካርቡራቶሬ አየሩ ይሳሳ ይወፍር የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ በጉሮሮው የሚያልፈው አየር በሚፈጥረው ስበት ቤንዚን ይስባል እንጂ። ለቆላና ለባሕር ዳርቻ አገር የተመጠነ ቀዳዳ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ደብረ ብርሃን ሲመጣ፣ አየሩ በሩብ ያህል ሳስቶ ይጠብቀዋል። የሚሳበው ቤንዚን ግን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ፣ ድብልቁ ሲሰላ 15 በመቶ ገደማ ቤንዚን ይበዛበታል። ጣርማበር ላይ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ስለሚያልፍ ነገሩ ይብሳል። ይህ የቤንዚን ቆሻሻም የመኪና እርጅናም አይደለም፤ ዕቃውን ለሰሜን ሸዋ ሰው የሚሸጥ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ ነው።

በመመጠኛው ላይ የታተመው ቁጥር 125 ነበር፤ ቀዳዳው 1.25 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። መካኒኬ ፈትቶ በ120 ቀየረው። ልዩነቱ በዓይን የሚለይ አይደለም፤ ሆኖም ቤንዚኑ የሚያልፍበት ስፋት በ8 በመቶ ያህል ይጠባል። ውጤቱ እጅግ አስደሰተኝ፤ ያ መታፈን ቀረ፣ ጭሱ ጠፋ፣ ካንዴላዎቹም የልክ ድብልቅ ምልክት የሆነውን ቡናማ መልክ ያዙ።

ለምን እስከ 115 አልወረድክም የሚለኝ ይኖራል። ከደብረ ብርሃን፣ ከጫጫና ከሸኖ ለማይርቅ ሰው 115 ትክክለኛው ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ ያን 15 በመቶ ከሞላ ጎደል ያካክሳልና። እኔ ግን በደብረ ሲና ቁልቁል ወርጄ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ እስካለችው ሸዋ ሮቢት ድረስ እመላለሳለሁ። እዚያ አየሩ ስለሚወፍር በ115 የሚሠራ ሞተር ቤንዚን ያጥረዋል፤ በዚያ ሙቀት ጭነት ይዞ የአርማንያን ዳገት ሲወጣ ደግሞ ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ሞተሩን ያግለዋል። ቮልስ ውኃ የሌለው፣ በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር ስለሆነ በዚህ ረገድ አልደፍርም። ቫልቭ ከማቃጠል ደጋው ላይ ጥቂት ቤንዚን ማባከንን መርጫለሁ።

አንዳንዶች አሮጌውን መመጠኛ በቀለጠ የብየዳ ቆርቆሮ ደፍነው እንደገና ይበሱታል፤ ሌሎች ደግሞ ሲዘጋ በሽቦ ይጠርጉታል። ሁለቱንም እቃወማለሁ። ናስ ለስላሳ ስለሆነ ሽቦው ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ከዚያ በኋላ የታተመው ቁጥር ትርጉም አይኖረውም። በንፋስ መንፋት በቂ ነው።

ስለቀረው ብዙ የምለው የለኝም። ሚኒሞው (መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ ያለው ዙር) ጸጥ ያለ ነው፤ መመጠኛው ከተቀየረ በኋላ ማስተካከያዋን ቪት (ብሎን) በካቻቢቴ በመጠኑ ማስተካከል ግን ግድ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ሞተሩ ሳይለግም ይነሣል፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየሩን እየዘጋ ቤንዚን የሚያበዛው፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቀው አውቶማቲክ ቾክ ሙሉ በሙሉ መከፈቱ ግን መታየት አለበት፤ ካልተከፈተ ቤንዚን እንደገና ይበዛና ሰው ጥፋቱን በመመጠኛው ላይ ይጥላል።

መመጠኛ መቀየር በከፍታው የጠፋውን አየር አይመልስም። 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ይህ ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ በግምት 30 ያህሉን ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ጣርማበርን በሦስተኛ ማርሽ እወጣለሁ የሚል ሰው ሌላ መኪና ይፈልግ። እኔ የምጠይቀው ያለው ጉልበት በጭስ እንዳይባክን ነው፤ ይህንንም አግኝቻለሁ። ዕቃውን ለሌላ የቮልስ ባለቤት ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ሻጩ ግን ከእያንዳንዱ ካርቡራቶሬ ጋር የ120 እና የ115 መመጠኛ አብሮ ሊያቀርብ፣ ገዢውንም የት እንደሚነዳ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።