የእድር ጸሐፊዎች፣ ይቺን ልጅ እወቁልኝ

ሰላም የባሕር ዳር ሰዎች። እኔ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ካልኩሌተር እንጂ ኮምፒውተር አላውቅም። በዚህ ክረምት የአባላቱን መረጃ በአዲስ ፎርም ሞልታችሁ አምጡ ተባልን። ፎርሙ ፒዲኤፍ ነው። አባላቱ 186 ነን። ስም እስከ አያት፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጆች፣ ወራሽ፣ ስልክ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቤት አንድ በአንድ እየጻፈ በገጽ አስከፈለኝ። 30 ያህል ሠርቶ ሳየው የአባትና የአያት ስም ተደበላልቋል። በቀይ እስክርቢቶ የሰረዝኳቸውን ሙታን ሳይቀር ሞልቷቸዋል! በ2014 የቀበርናቸው አዛውንት መዋጮ ከፋይ ሆነው ቁጭ ብለዋል። ሁለተኛው ቀብድ ተቀብሎ «ነገ» አለኝ። ነገ፣ ነገ፣ በኋላማ ስልክም ማንሳት ተወ። ሦስተኛው «በፕሮግራም ነው የምሠራው» ብሎ ሲያስረክበኝ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኗል፣ የስልኮቹም መነሻ ዜሮ የለም። ስነግረው «ችግሩ የፎርሙ ነው» አለኝ። የእድር ብር አይነካም፤ ሁሉንም የከፈልኩት ከኪሴ ነው። ስማቸውን አልጠራም። ለእግዜር ሰጥቻቸዋለሁ።

ወደዚች ልጅ የመራኝ የእህቴ ልጅ ነው። ጊዮርጊስ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል አለቻት። መዝገቡን አገላብጣ አየችና «ጋሼ፣ ዋናው ሥራ መዝገቡ ነው። ኤክሴል ላይ በትክክል ከገባ ፎርሙን ኮምፒውተሩ ራሱ ይሞላዋል» አለችኝ። ሁለት ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ እኔ አነበብኩ፣ እሷ ጻፈች።

የእኔ ተራ ሲደርስ ቆም አለች። በትዳር ጓደኛ ቦታ የባለቤቴ ስም በቀይ ተሰርዟል። የሰረዝኩት እኔው ነኝ፣ ለሌላው እንደማደርገው። ያ የመጀመሪያው ሰውዬ ሞልቷት ነበር፤ ያን ቀን ወረቀቱን ይዤ ዝም ብዬ ነው የወጣሁት። ይቺ ልጅ ግን ምንም አልጠየቀችኝም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ይቺን እርስዎ ሲፈልጉ እንሞላታለን» አለችና ወደ ቀጣዩ አለፈች። በሁለተኛው ቀን ማታ የቀረችው የእኔዋ መስመር ብቻ ነበረች። ያኔ ራሴ ነገርኳት። ባለቤቴ የዘጌ ልጅ ነበረች። ቡና ያለ ጤና አዳም አትጠጣም። ይኸን ሁሉ ለልጅቷ አወራሁላት፤ ሰማችኝ።

ከዚያ ቡና አዘዘችልኝና አንዷን ፎርም ብቻ አትማ «መጀመሪያ ይቺን ያንብቡልኝ» አለች። ፊደሉ ፊደል ነው። ዜሮው አለ። ቀኑም በእኛው አቆጣጠር። «ይሁን» ስላት አንድ ነገር ነካች። አቦሉን ጠጥቼ ቶናው ሳይቀዳ 186ቱም ተሞልተው አለቁ። እንዴት ነው ብትሉኝ አልመልስላችሁም። ፊደሉን ከፎርሙ ጋር አብሮ እንዲሄድ አድርጌዋለሁ ብላኛለች፤ አልገባኝም። ከእንግዲህ ልጅ ሲወለድ ወይም ሰው ሲያልፍ ያችን መስመር ብቻ ነው የምናስተካክለው።

ስወጣ ዝናብ ነበር። መዝገቤን በላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

እድር፣ ማኅበር፣ ትምህርት ቤት የምትሠሩ፣ ሂዱ። ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ። አድራሻዋን በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ። መዝገባችሁን ግን ቀድማችሁ አስተካክሉ፤ ስህተት ካየች አታልፍም።