ሚኒ 4 ፕሮ ድሮን በመሃል አዲስ አበባ፦ በራዳር አካባቢ ምን ያህል ይታመናል?

የቻይናው ድሮን አምራች ዲጄአይ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ለገበያ ያቀረበው ሚኒ 4 ፕሮ ክብደቱ 249 ግራም ብቻ ሲሆን፣ ስለ ካሜራው ጥራት ብዙ ስለተባለ እኔ አልመለስበትም። ይህ ግምገማ የሚያተኩረው በሬዲዮ ግንኙነቱ ላይ ነው፤ ይኸውም ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ በሚርቁት በሜክሲኮ፣ በሰንጋ ተራና በካዛንቺስ ፈቃድ ይዞ የሕንፃ ቀረጻ ለሚሠራ ባለሙያ መሣሪያው ምን ያህል እንደሚያስተማምን ለመመዘን ነው።

በመግለጫው ላይ ጎላ ብሎ የሚታየው 20 ኪሎ ሜትር ገዢን ሊያማልል አይገባም። ርቀቱ የተለካው መሰናክልም ሆነ የሞገድ ረብሻ በሌለበት ገላጣ ስፍራ፣ የአሜሪካ ደንብ በሚፈቅደው ከፍተኛ ኃይል ሲሆን፣ በአውሮፓ ደንብ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ረብሻ ለበዛበት ከተማ ኩባንያው ራሱ ያስቀመጠው ግምት ከ1.5 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለመሃል አዲስ አበባ የሚቀርበውም ይኸኛው ነው።

ድሮኑና መቆጣጠሪያው የሚነጋገሩት በ2.4 እና በ5.8 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያ ዋና የቅኝት ራዳሮች ደግሞ በአብዛኛው ከ2.7 እስከ 2.9 ጊጋኸርትዝ ይሠራሉ። ሞገዶቹ ስላልተደራረቡ ብቻ ችግር የለም ብሎ መደምደም ግን ስህተት ነው፤ ርካሽና ቀላል ተደርጎ የተሠራ መቀበያ ከመስመሩ ውጭ ያለውን ኃይለኛ ሞገድ ሙሉ በሙሉ ማጥራት ስለማይችል፣ ከጎረቤት የሠርግ ድንኳን የሚጮኽ ድምፅ ማጉያ የቤት ውስጥ ጨዋታን እንደሚውጥ ሁሉ፣ የራዳሩ ምት ደካማውን የመቆጣጠሪያ ትእዛዝ ሊውጠው ይችላል። በ5.8 መስመርም ቢሆን ሙሉ መሸሸጊያ የለም፤ ራዳር ከዋናው ሞገዱ ጋር የድግግሞሹ እጥፍ የሆነ ደካማ ሞገድም ስለሚለቅ፣ ለምሳሌ በ2.87 ጊጋኸርትዝ የሚሠራ ራዳር እጥፍ ሞገዱ 5.74 ላይ ያርፋል። ማጣሪያዎች አብዛኛውን ቢያስቀሩትም፣ በጣም ለቀረበ ድሮን የሚተርፈው ቀላል ላይሆን ይችላል።

መጠኑን በስሌት ማየት ይቻላል። 20 ኪሎ ዋት ከፍተኛ ኃይል ያለውና አንቴናው 34 ዴሲቤል የሚያጎላ ራዳር ብንወስድ፣ በጨረሩ መሃል 1 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሞገዱ ጥንካሬ ወደ 39 ቮልት በሜትር፣ በ6 ኪሎ ሜትር ደግሞ ወደ 6.5 ቮልት በሜትር ይደርሳል። የመኖሪያ ቤት ኤሌክትሮኒክስ የሞገድ ረብሻን መቋቋሙ በተለምዶ የሚፈተነው በ3 ቮልት በሜትር ነው። እርግጥ ነው፣ ምቱ የሚቆየው ለማይክሮ ሰከንዶች ሲሆን አንቴናውም ዞሮ የሚመለሰው በየ4 እና 5 ሰከንዱ ነው፤ ስለዚህ የሚጠበቀው ድሮኑ ወዲያው መውደቁ ሳይሆን በየተወሰነ ጊዜ የሚመላለስ የትእዛዝ መቆራረጥ ነው።

ብዙ አብራሪዎች የሚዘናጉት እዚህ ላይ ነው። መንገድ ላይ ቆመው ሲግናሉን ሲፈትሹ ዙሪያቸውን የከበቡት ሕንፃዎች ከራዳሩ ይጋርዷቸዋል። ድሮኑ ከጣሪያዎቹ በላይ ሲወጣ ግን ከራዳሩም፣ በየሕንፃው አናት ከተተከሉት የስልክ አንቴናዎችም፣ ከመንደሩ ዋይፋይም ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ምስሉን የሚቀበለው መሬት ላይ ያለው የተጋረደው መቆጣጠሪያ ሲሆን ትእዛዝ የሚቀበለው ግን አየር ላይ ያለው ድሮን በመሆኑ፣ ምስሉ ጥርት ብሎ እየታየ ትእዛዙ ሊቆራረጥ ይችላል። ስለዚህ የምስሉ ጥራት ለአብራሪው ዋስትና አይሆነውም።

መተግበሪያው የሞገድ መስመር በእጅ እንዲመረጥ ማስቻሉና የረብሻውን መጠን በሥዕል ማሳየቱ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ሥዕሉ የሚያሳየው ድሮኑ በሚጠቀምበት መስመር ውስጥ ያለውን ብቻ ስለሆነ፣ 2.8 ላይ ያለ ራዳር በዚያ ላይ አይነበብም። ይህን ኩባንያው በመመሪያው በግልጽ ቢያሳስብ ጥሩ ነበር እላለሁ።

ግንኙነቱ ሲቋረጥ ድሮኑ በሳተላይት እየተመራ ወደ ተነሣበት እንዲመለስ፣ ባለበት እንዲቆም ወይም እንዲያርፍ አስቀድሞ ማዘዝ ይቻላል። መመለሱ በአመዛኙ የሚሻል ቢሆንም የመመለሻው ከፍታ በጥንቃቄ መሞላት አለበት፤ ሰንጋ ተራ ላይ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብቻውን ከ200 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ የግንባታ ክሬኖችም አሉ። የዙሪያ መሰናክል መለያው ጥሩ ቢሆንም በካሜራ የሚሠራ በመሆኑ ሲመሽ አይታመንም። ከፌሮ ብረት በላይ፣ ማለትም ከኮንክሪት ጣሪያ ላይ፣ ማስነሣትም ኮምፓሱን ስለሚያሳስት መተው አለበት።

በተቃራኒው አቅጣጫ ያለው ስጋት ብዙ ጊዜ ተጋንኖ ይወራል። በአውሮፓ ደንብ 2.4 ላይ ከ100 ሚሊ ዋት በታች የሚያስተላልፍ ድሮን የራዳርን ሥራ በሞገዱ ያውካል ማለት ይከብዳል፤ ይልቅ የሚያሳስበው ድሮኑ ራሱ በራዳር ስክሪን ላይ እንደ ባዕድ በራሪ አካል መታየቱና ከሁሉም በላይ የአውሮፕላኖች መንገድ ላይ መግባቱ ነው። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ የሚጠየቀውም ለጨዋታ አይደለም። የሲግናል ማጉያ መግጠም ደግሞ የከፋ ነው፤ የተጨናነቀው የድሮኑ መቀበያ በዚህ አይጠራም፣ ከተፈቀደው በላይ የሚረጨው ኃይል ግን ሌሎችን ይረብሻል።

ከጣሪያ በታች ወይም ከጣሪያ እምብዛም ሳያልፍ ለሚቀረጽ ሥራ ሚኒ 4 ፕሮን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ወደ ቦሌ አቅጣጫ ከፍ ብሎ ለሚሠራ ቀረጻ ግን፣ ፈቃድ ቢኖርም እንኳ፣ አልመርጠውም። መቆጣጠሪያን በተመለከተ የራሱ ስክሪንና ውጫዊ አንቴናዎች ያሉት አርሲ 2 የዋጋ ልዩነቱ ይገባዋል፤ ስልክ የሚገጠምበትን የሚገዛ ሰው ከመብረሩ በፊት የስልኩን ዋይፋይና ብሉቱዝ ያጥፋ።